በሐጂ መህዲ ቤት የገባው መንጋ

ሐጂ መህዲ ባከራዩት ክፍል ውስጥ መንጋ መግባቱን የሰሙት ከዙሁር ሶላት ወጥተው፣ በመስጊዱ ደጃፍ ጫማቸውን ሲያጠልቁ ነበር። ነጋሪው ባጃጅ ነጂው አላምረው ነው። አላምረው ወሬን ቆሞ የሚያወራ ሰው አይደለም። ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን ብቻ ብቅ አድርጎ፣ «ሐጂ! እንኳን ደስ ያለዎ! ሔራን ጋ አዲስ ማንጋ ገብቷል፤ ክፍሉ ጢም ብሏል!» አለና አቧራውን አልብሷቸው ወደ መናኸሪያው ተፈተለከ።

ሐጂ መህዲ ዕድሜያቸውን በከብት እርባታ ያሳለፉ ሰው ናቸው። በቆቦ ሜዳ የላምና የግመል ዱካ ሲለዩ አርጅተዋልና «ማንጋ» የሚባል ቃል ጆሯቸው ዘንድ ቦታ አልነበረውም፤ የሰሙት «መንጋ» ብለው ነው። ያከራዩዋት ክፍል ደግሞ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢቆም ሦስተኛው ደጅ የሚቀርባት ጠባብ ናት። በትራቸውን አነሡና ወደ ዋናው መንገድ ወረዱ።

ክፍሏ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ትገኛለች። ሔራን በዚያች ክፍል ተቀምጣ ለመንገደኛውም ለከተሜውም በስልክና በፍላሽ ፊልም ትጭናለች። ይልቁንም ስሟ የሚነሣው ወጣቶቹ «አኒሜ» በሚሏቸው የጃፓን የሥዕል ፊልሞች ነው። መብራት ለወራት ጠፍቶ የሰው ስልክ ሁሉ ጥቁር መስታወት ሆኖ በቀረበት ጊዜ ሔራን አንድ ነገር ተመኝታ ነበር፤ ታሪኮቹ በወረቀት ላይ በሆኑልኝ ብላ። መብራቱ ሲመለስ ምኞቷን በተግባር አዋለችው። ማንጋ የሚባሉትን የሥዕል መጻሕፍት ከበይነ መረብ እያወረደች፣ ከተናጋሪዎቹ አፍ በሚወጣው ነጭ አረፋ ውስጥ አማርኛውን በእጇ እየጻፈች፣ ወልድያ እያሳተመች ታከራይ ጀመር። ሽፋናቸው የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ሲሆን ስማቸው በጥራዙ ጠርዝ ላይ ብቻ ይጻፋል። ከፊትም ከኋላም ቢያዩዋቸው አንድ ናቸው። ጃፓኖች መጽሐፋቸውን ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚገልጡም፣ ሔራን ለአዲስ አንባቢ ሁሉ መጽሐፉን ስታስረክብ «በቀኝ በኩል ነው የሚጀምረው» ማለትን ልማድ አድርጋው ነበር።

ሐጂ መህዲ በሩ ላይ ቆመው አፍንጫቸውን ቀሰሩ። የፍግ ሽታ የለም።

«ደኅና ነሽ ልጄ?»

«አልሐምዱሊላህ በሉልኝ ሐጂ፤ ይግቡ፣ ይቀመጡ እንጂ።»

«አልቀመጥም። መንጋ አስገብተሻል አሉኝ።»

የሔራን ፊት በራ። አከራይዋ ስለ ሥራዋ ጠይቀዋት አያውቁም ነበር። «አዎን ሐጂ! እንዴት ሰሙ? ትናንት ነው ከወልድያ የገቡት።»

«በእግር?»

«ኧረ በሚኒባስ።»

«በሚኒባስ!» ሐጂ በትራቸውን ተደገፉ። «ስንት ይሆናሉ?»

«ከነበሩት ጋር ሠላሳ ያልፋሉ። ሌሎችም መንገድ ላይ ናቸው።»

«ሁሉም እዚህች ክፍል ውስጥ?»

«ተደራርበው ነዋ። ቀን ቀን ይወጣሉ፤ አመሻሽ ላይ ይመለሳሉ። አንዳንዱ ግን በዚያው ይቀራል። ባለፈው አንዱን የሮቢት ሰው ይዞት ሄዶ ሳይመልሰው ቀረ።»

«ይህማ ሌባ ነው! ለሽማግሌ አትናገሪም ነበር?»

«ምን ይሆናል ብለው ነው ሐጂ፤ እስካሁን ቀዶታል።»

«አርዶታል በይ እንጂ!»

ሁለቱም ተያዩ። ሔራን ቀስ ብላ ከመደርደሪያዋ አንዱን መጽሐፍ አወረደችና ዘረጋችላቸው። ሐጂ ሥዕሉን አዩ፤ መደርደሪያውን አዩ፤ ከዚያም የሚታረድም የሚታለብም ነገር በቤታቸው እንደሌለ ተረዱ። በዚህ መካከል ከአጠገቡ ካለው የወንዶች ጸጉር ቤት ሣቅ ፈነዳ። በግማሽ የተላጩ ሰዎች ሳይቀሩ በሩን ሞልተው ሲያዳምጡ ኖረዋል። «ሐጂ፣ አንዷ ትወልድ እንደሆነ ወተቱን ለኛም!» አለ አንዱ።

ሣቁ ባይኖር ኖሮ ነገሩ በዚያው ባለቀ ነበር። ሐጂ መህዲ ከጎብዬ እስከ ዋጃ ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው የሚደመጥ ሽማግሌ ናቸው። መሣቂያ መሆን አልለመዱም።

«እንግዲህ ስሚኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የወንድሜ ልጅ ካሳው ይህችን ክፍል ለሽንኩርት ዘርና ለውሃ ፓምፕ መሸጫ ስጠኝ ካለኝ ሰነባብቷል። ላንቺ አዝኜ ነው ዝም ያልኩት። ጎልማሳ ሁሉ ተሰብስቦ የልጅ ሥዕል የሚያይበት ቤት ከሆነ ግን፣ ሽንኩርቱ ይሻላል።»

ሔራን ደነገጠች። ከመናኸሪያው ከራቀች መንገደኛው አያገኛትም፤ መንገደኛው ካላገኛት ሥራው ሥራ አይሆንም። በዚያ አካባቢ ደግሞ ሌላ ክፍል የለም። ይህችን ክፍል ማጣት ሁሉንም ማጣት ነበር።

«ሐጂ፣ የልጅ ሥዕል አይደለም። ለሰው ሁሉ እንደየጠባዩ የሚሆን አለው።»

«ለሰው ሁሉ?»

«ለሰው ሁሉ።»

ሐጂ ጺማቸውን አሻሹ። የግልግል ሰው ናቸውና ሳይሰሙ መፍረድን ነውር አድርገው ይቆጥሩታል። «በይ፤ ያልመረመርኩትን ነገር ፈርጄ አላውቅም። ለኔ ምረጪልኝ። ለባለቤቴ ለሙሚናም ምረጪላት። ሦስተኛው ዳኛ መምህር ታረቀኝ ይሁን። ለገበያ ቀን እዚሁ እንገናኝ። ሦስታችንም ‹ይቆይ› ካልን ትቆያለሽ። አንዳችን እንኳ የልጅ ጨዋታ ነው ካልን፣ ቁልፉን ለካሳው ትሰጪያለሽ።»

ሔራን ለሰው መጽሐፍ የምትመርጥበት የራሷ ዘዴ ነበራት። «ምን ዓይነት ታሪክ ትወዳለህ?» ብላ አትጠይቅም፤ ሰው ይህን ሲጠየቅ እንዲያስመሰግነው አድርጎ ይመልሳልና። የምትጠይቀው «ሰርግ ቤት ስትሄድ የት ትቀመጣለህ?» ብላ ነው። ከበሮው አጠገብ ለሚቀመጥ የሩጫና የኳስ ውድድር ታሪክ ትሰጠዋለች፤ ገጹ ሁሉ ላብና ጩኸት የሆነውን። ወጡ ከሚወጣበት ጓዳ ለማይርቅ፣ ሁለት ወጥ ሠሪዎች በአንድ ሾርባ ምክንያት ዕድሜ ልካቸውን የሚፎካከሩበትን። ወደ ሙሽራዋ ለሚያንጋጥጥ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ተያይተው መነጋገር ያቃታቸውን የፍቅር ጥንዶች። በሩ ሥር ተቀምጦ ማን ገባ ማን ወጣ ለሚል፣ ወንጀለኛው እስከ መጨረሻው ገጽ የማይታወቅበትን። ሽማግሌዎቹ መካከል ለሚሰየም ደግሞ፣ መንግሥታት የሚነሡበትንና የሚወድቁበትን፣ ተነቦ የማያልቀውን ረጅም ታሪክ። በዚህ ዘዴ ስታ አታውቅም ነበር። አላምረውን ከበሮው አጠገብ ተቀማጭ ነው ብላ የዱላ ቅብብል ሯጮች ታሪክ ሰጥታው፣ ተሳፋሪ ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ ሲያነብ በትራፊክ ተይዟል።

የሐጂ ነገር ግን እንግዳ ነበር፤ ሰርግ ቤት ተቀምጠው አያውቁም። ገና ውኃ ለእጃቸው ሲቀርብ አንድ ሰው ይመጣና ለዕርቅ ይጠራቸዋል። ሔራን ይህን አስባ፣ ጎራዴውን ሰቅሎ ከመንደር መንደር እየዞረ ባለ ደሞችን የሚያስታርቅ የአንድ ሽማግሌ ወታደር ታሪክ ሰጠቻቸው። በማግሥቱ በግቢያቸው ስታልፍ፣ ድንበር ተገፋን ብለው የመጡ ሁለት ባላጋራዎች ተኮራርፈው ተቀምጠዋል፤ ሐጂ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ይህ ሰውዬ ፍርድ አያውቅም!» አሉ ከሩቁ። «ለሟች ወገን የሰጠው ጉማ አነሰ! የደም ካሳ እንዲህ ይሠራል? ባለ ደሞቹም ዝም ብለው ተቀበሉት፤ ምን ዓይነት አገር ነው!»

«አልወደዱትም ማለት ነው ሐጂ?»

«ማነው አልወደደውም ያለሽ? ቀጣዩን አምጪልኝ፤ ዳግመኛ ይሳሳት እንደሆነ አያለሁ!»

ወይዘሮ ሙሚና፣ የሐጂ ባለቤት፣ ራሳቸው ሔራን ዘንድ መጡ። የተሰጣቸው የፍቅር ታሪክ በነጠላቸው ተጠቅልሎ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«አንቺዬ፣ ይህችን ልጅ ሐኪም አይቷታል?»

«ምን ሆነች እትዬ ሙሚና?»

«መጽሐፍ ሙሉ ታየዋለች፤ አንድ ቃል አትተነፍስም። እሱም ያያታል፤ አይተነፍስም። ዝናብ ይዘንባል። እኔ በሷ ዕድሜ ሁለት ልጅ ወልጄ ነበር።»

ሔራን ሣቋን ዋጠች። «እንግዲያውስ ሌላ ልምረጥልዎ። ዕርቅና ሰላም ያለበት...»

«ዕርቅ!» ወይዘሮ ሙሚና እጃቸውን አወናጨፉ። «በሞቴ ዕርቁን ተይኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ቤቴ በሚታረቅ ሰው ተሞልቶ ነው የኖርኩት። እስኪ ጨርሶ የማይታረቁ ካሉ ስጪኝ።»

ሔራን ከመደርደሪያዋ ጫፍ፣ ግዙፋን አውሬዎች ከባሕር ወጥተው ከተማ የሚያፈርሱበትን ወፍራም ጥራዝ አወረደችላቸው። ወይዘሮ ሙሚና ገለጥ አድርገው፣ አንዱ አውሬ ሌላውን በድልድይ ሲመታው አዩና «ማሻአላህ» ብለው ይዘውት ሄዱ።

የቀረው መምህር ታረቀኝ ነበሩ። መምህር ታረቀኝ የከተማውን ሰው ግማሽ አማርኛ ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ቀይ ብዕራቸውን ከኪሳቸው ያላወጡ ሰው ናቸው። ሻይ ቤት ገብተው ሳያዝዙ የዋጋ ዝርዝሩን ፊደል ያርማሉ። የሔራንን ማስታወቂያም፣ «ፊልም እንጭናለን» የሚለውን፣ «ለማን?» ብለው በጠመኔ ጽፈውበት ያውቃሉ። ሔራን ተማሪያቸው ነበረች። ከቤታቸው ደጃፍ ስትደርስ፣ እንደ ድሮው የቤት ሥራ እንደምታስረክብ ሁሉ፣ ከነገሮቿ ሁሉ የምትሳሳለትን፣ አንድ ፋኖስ ሠሪ ከልደቱ እስከ ሞቱ የኖረውን ሕይወት የሚተርከውን መጽሐፍ በሁለት እጇ አቀረበች።

«አማርኛውን ማን ጻፈው?» አሉ በመነጽራቸው አናት እያዩ።

«እኔ ነኝ መምህር።»

«እናያለን» አሉና በሩን ዘጉ። ሔራን የምትለውን ሁሉ ረስታ፣ ከፈተና እንደ ወጣ ሰው እፎይ ብላ ተመለሰች።

የገበያው ቀን ደረሰ። ገበያተኛው ሲሳሳ ሦስቱ ዳኞች በጠባቧ ክፍል ውስጥ በውሰት ወንበር ተቀመጡ። ደጁን የጸጉር ቤቱ ደንበኞች ሞሉት፤ አላምረው ባጃጁን ከበሩ ጋር አስጠግቶ አቁሟል። ካሳውም መጥቶ፣ ግድግዳው ስንት ጆንያ እንደሚያስደግፍ በዓይኑ ይለካ ነበር።

«ሙሚና፣ ቃልሽን ስጪ» አሉ ሐጂ።

«ይቆይ። የሚቀጥለው ጥራዝም ይምጣ። ከተማዋ ገና ግማሿ ነው የፈረሰችው።»

«እኔም ይቆይ ብያለሁ፤ ይህን ሰውዬ ፍርድ ሳላስተምረው አልተወውም። ታረቀኝ፣ አንተስ?»

መምህር ታረቀኝ ተነሡ። መጽሐፉን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንዲህ ያለ ድርሰት አንብቤ አላውቅም» አሉ። «ሲጀምር መቃብር ነው፤ በመቃብሩ ዙሪያ ፋኖሶች በርተዋል። ከዚያ ሽማግሌው ከሞት አልጋው ይነሣል። ወገቡ እያደር ይቃናል፤ ጸጉሩ ይጠቁራል። ከተቃቃረው ወንድሙ ጋር ይታረቃል። በመጨረሻ ሕፃን ሆኖ በእናቱ እቅፍ ይተኛል። የሚደንቀው ደግሞ ንግግሩ ነው፤ ሰዎቹ መልሱን አስቀድመው ጥያቄውን ያስከትላሉ! መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ኋላ ግን ስልቱ ተገለጠልኝ። ደራሲው ስሙን እንኳ ያስቀመጠው በመጨረሻው ገጽ ነው። ትሕትናውን ተመልከቱልኝ!»

በሩ ላይ ያለው ሕዝብ በአድናቆት አጉረመረመ። ሐጂ መህዲ ግን ቅንድባቸውን ሰብስበው ነበር።

«ታረቀኝ፣ ምን ነካህ? ትናንት አንብበው ብለህ ሰጥተኸኝ፣ አንብቤው አልመለስኩልህም? ሰውዬው ሞቶ ነው የሚያልቀው።»

«ተወልዶ ነው የሚያልቀው!»

«ተወልዶ የሚያልቅ ሰው የት አይተህ ታውቃለህ?»

«ሥነ ጽሑፍ ነዋ መህዲ!»

«ከወንድሙም ወላሂ አልታረቀም! የቆረቆረኝስ እሱ ነው፤ አንድ ሽማግሌ እንኳ መካከላቸው አልገባም!»

«በዓይኔ አይቻለሁ! በትር ተማዝዘው ይቆማሉ፤ ወዲያው በአንድ ገበታ ቀርበው ይበላሉ። ዕርቅ ማለት ምን ኖሯል ታዲያ?»

«መጀመሪያ በሉ፤ ከዚያ ተጣሉ!»

«መጀመሪያ ተጣሉ፤ ከዚያ በሉ!»

«አንድ መጽሐፍ ሁለት መጨረሻ የለውም» አሉ ሐጂ፤ ድምፃቸው ከረረ። «ከሁለታችን አንዳችን አላነበብንም ማለት ነው።»

«እኔን ነው አላነበበም የምትለው? እኔን?» መምህር ታረቀኝ ባርኔጣቸውን አነሡ። ካሳው ፈገግ አለ።

ሔራን የመምህሩን እጅ አየች። አውራ ጣታቸው በመጽሐፉ ግራ ላይ ነበር። ያኔ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታያት፤ ደጃፋቸው ላይ ቆማ ሳትናገረው የቀረችው አንድ ቃል ትዝ አላት። ዝም ብትል፣ የመምህሩ ምስክርነት ከማንም የበለጠ የሚያቆያት ነው፤ ሁለቱ ወዳጆች ግን ተቀያይመው መለያየታቸው ነው። ብትናገር ደግሞ፣ የከተማው አራሚ በደንበኞቿ ሁሉ ፊት ይታረማሉ፤ ያፈረ ዳኛ ምን እንደሚፈርድ ማን ያውቃል?

«መምህር» አለች፤ ድምፅዋ ሊሰማ አልቻለም። እንደገና፣ «መምህር! ማንጋ የሚጀምረው በቀኝ በኩል ነው። ለሰው ሁሉ እናገራለሁ፤ ለርስዎ ግን ፈርቼ ረሳሁት። ያነበቡት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው።»

ቀድመው የመለሱት ሐጂ ነበሩ፤ በእውነት ገርሟቸው።

«እንዴ! ታዲያ በየት ሊጀምር ኖሯል?»

ሐጂ ከልጅነታቸው ጀምሮ፣ ቁርአን ቤት ከገቡበት ቀን አንሥቶ፣ መጽሐፍን በቀኝ ከፍተው እንጂ ሌላ አያውቁም። ወይዘሮ ሙሚናም እንዲሁ። ሔራን ለነሱም መናገሩን ረስታ ነበር፤ ነገር ግን አላስፈለጋቸውም። ወይዘሮ ሙሚና የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ጭነው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

«መምህር፣ ሰውዬውን እኮ ከመቃብር አስነሡት!» አለ አላምረው ከደጅ። «ከጊዮርጊስ ጠበል በልጠዋል!»

ሣቁ ቤቱን ሞላው። መምህር ታረቀኝ ግን አልሣቁም፤ አልተቆጡምም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ተቀመጡ። መጽሐፉን በዝግታ አዞሩት፤ በቀኝ በኩል ከፈቱት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንዲት እናት ሕፃኗን ታቅፋ በፋኖስ ብርሃን ታየው ነበር። ገጽ ገለጡ፤ ሌላም ገጽ ገለጡ። ሕዝቡ ከትከሻቸው በላይ ሊያይ ተንጠራራ።

«እንግዲያውስ» አሉ ቀና ብለው፣ እንደ ልጅ ቅር ባለው ድምፅ፣ «ወንድማማቾቹ አይታረቁም ማለት ነው?»

«አይታረቁም መምህር።»

«አልነገርኩህም?» አሉ ሐጂ፤ ግን በለሰለሰ አንደበት። «እኔም አዝኛለሁ።»

«ባንተ በኩል ስታነበው ታሪኩ እውነተኛ ነው፤ በኔ በኩል ደግሞ መልካም ነው» አሉ መምህር ታረቀኝ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ስለዚህ ቃሌን አነሣለሁ።»

ሔራን እጇን ወደ ቁልፉ ሰደደች። ካሳው ግድግዳውን ዳግመኛ በዓይኑ ሊለካ ራቅ ብሎ ቆመ።

«‹ይቆይ› አልልም፤ ‹ይውጣ›ም አልልም። ግማሽ አንብቤ ፈራጅ አልሆንም። ይህን መጽሐፍ እንደ ሥርዓቱ ላንብበው። ሌሎቹንም» አሉና ከሠላሳ በላይ መጽሐፍ የያዘውን መደርደሪያ በዓይናቸው ቃኙት፣ «እያንዳንዳቸውን ሁለት ሁለት ጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ። ከዚያ በኋላ እፈርዳለሁ። በነገራችን ላይ ልጄ፣ ‹ፋኖስ›ን በ‹ሥ› ጽፈሻል፤ ሦስት ቦታ አርሜልሻለሁ።»

«ሐጂ፣ ይህ እኮ ማብቂያ የለውም!» አለ ካሳው። «እሷ በየጊዜው አዲስ ታመጣለች!»

ሐጂ መህዲ በትራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተነሡ። ከጎብዬ እስከ ዋጃ የሚታወቀው የፍርድ ድምፃቸው ወጣ።

«ከዳኞቹ አንዱ መርምሮ ካልጨረሰ፣ ነገሩ ባለበት ይጸናል። የአባቶቻችን ደንብ ይህ ነው፤ እኔ አልሽረውም። ካሳው፣ ጆንያህን መልስ።» ከዚያም ወደ ሔራን ጎንበስ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማቸው፣ «የዚያ የጎራዴኛው ቀጣይ ከመንጋው ውስጥ ገብቷል?» አሏት።

«ነገ ይገባል ሐጂ።»

«በእግር ነው በሚኒባስ?»

በዚያው ክረምት ካሳው የሽንኩርት ዘርና የውሃ ፓምፕ መሸጫውን ዋጃ ላይ ከፈተ።